አሮጌ ፒንቦል ሲታደስ ቀለሙ ይነካ ወይስ ይቅር? የአንድ ኤይት ቦል ጉዳይ

ይህ አሮጌ ማሽን የምናድስ ሰዎች በምንጽፍበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ነው፤ መላሾቹን በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ጥያቄውን የከፈተው ቨርጂኒያ የሚኖር ልጅ ነው። ቤት ከሚለቁ ሰዎች ምድር ቤት አንድ ፒንቦል፣ ማለትም በተዳፋት ሜዳ ላይ የብረት ኳስ የሚመታበት የመጫወቻ ማሽን፣ አግኝቶ ገዛ። ማሽኑ ባሊ የተባለው የቺካጎ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ኤይት ቦል ነው። ሲሰካው አምፖሎቹ ይበራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም የለም። ጨዋታ አይጀምርም፣ የነጥብ ሰሌዳዎቹ ጨለማ ናቸው፣ ድምፅም አያወጣም። የላይኛውን ሳጥን ሲከፍት ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ያለችው ባትሪ አረንጓዴ ነገር ተፍታ አገኛት። ኳሱ የሚሮጥበት ሜዳም መሐሉ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። የጀርባ መስታወቱ ሥዕል መርገፍ ጀምሯል።

ዕቅዱንም ዘርዝሮ ነው የጻፈው። ቦርዱን ጥሎ አዲስ ይገዛል። አምፖሉን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ይቀይራል። ሜዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ የታተመ አዲስ ገጽ ለጥፎ፣ በላዩ ላይ የመኪና ቫርኒሽ ይነፋል። አሮጌ ማሽን ከፋብሪካ እንደወጣ ካላብረቀረቀ ታደሰ አይባልም ባይ ነው። ከየት ልጀምር ብሎ ጠየቀና ሄደ። እኛ ቀረን።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ ከሲያትል ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ። ማሽኑን የነደፈው ጆርጅ ክርስቲያን፣ ሥዕሉን የሠራው ፖል ፋሪስ መሆኑን ነገረው። 20,230 ስለተመረተ ብርቅ አይደለም፣ መለዋወጫው አይጠፋም፣ አትደንግጥ አለው። የፑል ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ሕጉ ቶሎ እንደሚገባም ጻፈ። ሜዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች የፑል ኳሶች ናቸው። ሰብስበህ ሰብስበህ መጨረሻ ላይ 8 ቁጥርን ታገኛለህ። ኳስህ ቢያመልጥህም የሰበሰብከው አይጠፋም፤ ማሽኑ ያስታውስልሃል። በጊዜው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ) እና በሽቦ የሚሠሩ ነበሩ፣ ይህኛው ግን ኮምፒውተር አለው። አዳምስ ፋሚሊ በ1992 ወጥቶ በ20,270 እስኪያልፈው ድረስ ኤይት ቦልን በሽያጭ የደረሰበት ፒንቦል የለም ብሎ ጨረሰ።

መልስ 2 በትህትና አረመው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልክ የምትሆነው ፍሊፐር (በቁልፍ እየታዘዘ ኳሱን የሚመታ ክንድ) ካላቸው ማሽኖች መካከል ከተባለ ነው። ባሊ ራሱ ስሙን ያገኘበት ባሊሁ የተባለው ጨዋታ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ50,000 በላይ ተሽጧል። ፍሊፐር ግን አልነበረውም። ኳሱን ትገፋለህ፣ ከዚያ እንደ ዕድልህ ነው። ፍሊፐር የመጣው በ1947 ጎትሊብ ባወጣው ሃምፕቲ ደምፕቲ ላይ ነው፣ ያውም ስድስት ሆኖ፣ በየጎኑ ሦስት ሦስት። የሲያትሉ ሰው አመሰግናለሁ ብሎ ተቀበለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

መልስ 3

እኔ ከክሩ ሁሉ ይህንን መልስ አስቀድሜ አነብ ነበር። የጻፈችው ሜሪላንድ ያለች ሴት ናት፣ ቦርድ ትጠግናለች። ሰላምታ እንኳ አላበዛችም። ቀለሙን፣ አምፖሉን፣ ሁሉንም እርሳውና ዛሬ ማታ ባትሪዋን ቁረጣት ነው ያለችው።

ምክንያቱን በደንብ አስረዳች። ባትሪዋ 3.6 ቮልት የምትሰጥ፣ ቦርዱ ላይ በሶልደር የተበየደች የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ናት። ሥራዋ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ከፍተኛውን ነጥብና ሒሳቡን በማስታወሻ መያዝ ነው። ስታረጅ ታፈሳለች። የምታፈሰው ነገር የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። ማሽኑ ሲበራ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው ክፍል ደግሞ አጠገቧ ነው፣ መጀመሪያ የሚጎዳውም እሱ ነው። ማሽኑ ቢነቀልም መብላቱን አያቆምም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ስለ ቀለም ስትከራከር ቦርዱ እያለቀ ነው።

አሠራሩንም አስቀመጠች። እግሮቿን በፒንሳ ቆርጦ ማውጣት። ቦርዱን ከማሽኑ ፈቶ ማውጣት፣ እያንዳንዱን ማገናኛ በወረቀት ምልክት እያደረጉ። ከዚያ አቼቶ በውሃ አቅጥኖ አረንጓዴውን ቦታ በጥርስ ብሩሽ ማሸት። የፈሰሰው ነገር አልካላይ ስለሆነ የአቼቶው አሲድ ኃይሉን ይሰብረዋል፣ ትንሽ አረፋም ይታያል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በአልኮል መጥረግ፣ በደንብ ማድረቅ። መዳቡ ጠቁሮ ከቀረ ደማቁ ቀይ እስኪወጣ በቀስታ መፋቅ፤ የተበላ መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ መቀጠል። ቺፖቹ የሚሰኩባቸውን አሮጌ ሶኬቶች መቀየር። ባትሪዋን መልሶ ቦርዱ ላይ መበየድ የለም። ጨርሶ አለመተካት ይቻላል፣ ማሽኑ ያለ ባትሪም ይጫወታል። የግድ ማስታወሻ ካስፈለገ ባትሪ የማይፈልግ የማስታወሻ ቺፕ አለ።

ከዚያ ቆንጆዋን ነገር ነገረችው። ቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ማሽኑ ሲበራ ብልጭ ትልና ከዚያ 7 ጊዜ ትበራለች። እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ክፍል ራሱን ፈትሾ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። 4 ላይ ከቆመች የሚቀጥለው ክፍል ታሟል። 7 ከሞላች ቦርዱ ተነስቷል። መቁጠር ብቻ ነው። ቴስተር ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም፣ እኔም ምስክር ነኝ።

መልስ 4 እስከ 7

መላሽ 4 እዚህ ላይ አልተስማማም። አዲስ ቦርድ ተሠርቶ እየተሸጠ፣ የተበላ ቦርድ ላይ ሳምንት ማጥፋት ምን ያደርጋል አለ። 5 የባሰ ነው፤ የተጠገነ ቦርድ ተመልሶ መበላሸቱ አይቀርም፣ ሶልደር የሚያበዙ ሰዎች ሰውን ከጨዋታ ያርቃሉ ብሎ ሦስተኛዋን በነገር ወጋት። እሷ አልመለሰችለትም። ጥሩ አደረገች።

6 ግን ያጋጠመውን ጻፈ። አዲስ ቦርድ ገዝቶ፣ ሌላውን ሁሉ ሳይለካ ሰካው። ኃይል ሰጪው ቦርድ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያረጋጋ ክፍል) ደርቆ ስለነበር 5 ቮልቱ ይንቀጠቀጣል። አዲሱ ቦርድ በየደቂቃው እየጠፋ ይነሳ ጀመር፣ እሱም ቦርዱን ሲረግም ከረመ።  ፋብሪካው የገጠመው ካፓሲተር ዛሬም እዚያው ካለ አርጅቷልና ማንም ሳይጠይቀው ይቀየር። ማገናኛዎቹም እንደዚሁ። ከቦርዱ ላይ የሚወጡት የብረት እግሮች ሥር ሶልደሩን በአጉሊ መነጽር ስታየው ዙሪያውን ክብ ስንጥቅ ይታያል፤ እያንዳንዱን እንደገና ማሞቅና አዲስ ሶልደር ማጠጣት ነው። አዲስ ቦርድ ለመግዛት የወሰነ ሰውም ከዚህ ሥራ አያመልጥም። በዚህ 6ን ሙሉ በሙሉ እደግፈዋለሁ።

7 አጭር ናት። የነጥብ ሰሌዳዎቹ በ190 ቮልት አካባቢ ይሠራሉ። ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። እጅህን ከመስደድህ በፊት ለካ።

መልስ 8

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ዋሽንግተን አካባቢ ተማሪ ሳሉ ቡና ቤቶች ውስጥ ማሽን ለሚያስቀምጥ ድርጅት ተቀጥረው ይጠግኑ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መልሳቸውም ረጅም ነው፣ ግን አንድም የሚጣል የለውም።

ስለ ሪሌዎቹ ዘመን ጀመሩ። በእነዚያ ማሽኖች ነጥብ የሚቆጥር ኮምፒውተር የለም። የምትዞር ሞተር አለች፣ ከሥሯ የተደረደሩ የኮንታክት ቅጠሎች (ሲነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ ብረቶች) አሉ፣ እየዞረች ስትነካቸው ነጥቡ አንድ በአንድ ይወጣል። ብልሽት ሲመጣ ዓይንህ ያየዋል። አንድ ኮንታክት ጠቁሯል፣ በቀጭን ሞረድ አንዴ ሁለቴ ማሸት፣ አለቀ። በ1977 ኮምፒውተር ያላቸው ሲመጡ ብዙ የድሮ ሠራተኞች ፈርተው ሥራውን ተዉት። ጋሼ አልተዉም። የባሊን የጥገና መጽሐፍ አውቶቡስ ላይ እያነበቡ ነው የተማሩት።

ከዚያ ወደ ፍሊፐሩ ገቡ። ይህን ክፍል አንብቤ ተነሥቼ የራሴን ማሽን ከፍቼ አየሁ። የፍሊፐሩ ኮይል፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲገባው ፍሊፐሩን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ በውስጡ ሁለት ጥምጥም አለው። አንዱ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ጉልበቱ እሱ ነው። ሌላው ቀጭን ነው፣ ተነሥቶ የቆመውን ፍሊፐር ይዞ ለማቆየት ብቻ። ቁልፉን ስትጫን መጀመሪያ ወፍራሙ ይሠራል፣ ፍሊፐሩ ይነሣል። ጫፍ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ኮንታክት ይከፍታል። ያኔ ኤሌክትሪኩ ወደ ቀጭኑ ያልፋል። ይቺ ኮንታክት ካልተከፈተች ወፍራሙ ጥምጥም ሳያቋርጥ ይሠራና ይቃጠላል፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ከቆሸሸች ደግሞ ፍሊፐሩ ይልፈሰፈሳል፣ ኳሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። ብዙ ሰው ማሽኔ ደከመ ብሎ ኮይል ይገዛል። ጥፋቱ ግን የጥፍር ስፋት ከሌላት ኮንታክት ነው። ኮንታክቷን ማስተካከል፣ ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ቱቦ መቀየር፣ የተበላውን ማያያዣና ሞላውን መቀየር። ፍሊፐሩ ያን ጊዜ እንደ አዲስ ይመታል።

ቀጥለው አንድ ነገር ከለከሉ። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ርጭት ወደ ፒንቦል አይቅረብ። ኮንታክቶች ብልጭታ ይሰጣሉ፣ ርጭቱ ይቀጣጠላል፣ ሳይቀጣጠል ከቀረም አቧራ ይዞ ይጣበቃል። የኮይሉ ቱቦ ውስጥ ግሪስም ዘይትም አይገባም። ደረቅ ነው መሥራት ያለበት። በዚህ ነገር ጋሼ ሰው ሲያናግሩ ቆጣ ይላሉ፣ ልክ ናቸው።

መልስ 9 እስከ 12

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 9 ድሮ ፒንቦል ቁማር ነው ተብሎ አልተከለከለም ወይ ብሎ ጠየቀ። 10 ሙሉ ታሪኩን አመጣ። ከንቲባ ላጋርዲያ በ1942 ኒውዮርክ ውስጥ አስከልክለው ማሽኖቹ በመዶሻ ይሰበሩ ነበር። ክልከላው እስከ 1976 ቆየ። ያን ዓመት ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጸሐፊ የከተማው ምክር ቤት ፊት ማሽን ተቀምጦለት ተጫወተ። ኳሱን ከመግፋቱ በፊት በየትኛው መስመር እንደሚወርድ ተናገረ፣ ኳሱም በዚያው ወረደ። ችሎታ እንጂ ዕድል ብቻ አይደለም ተብሎ ተፈቀደ። የኛ ኤይት ቦል የወጣው በዓመቱ ነው፤ በሽያጭ የተሳካለት ከተማው በሩን ስለከፈተ ይመስለኛል ሲል 10 ገመተ። እኔ ኒውዮርክ ብቻዋን ያን ያህል ትወስናለች ብዬ አላምንም። ኮምፒውተሩና የተሰበሰበውን ማስታወሱ ይበልጥ ያሳምኑኛል።

11 ደግሞ ነገሩን አዲስ አበባ አደረሰው። ቁማር ነው እየተባለ ሰው የሚባረርበትን የከረምቡላ ቤት፣ ትምህርት ቤት ቀርተን ጆተኒ የምንጫወትበትን ሰፈር አነሣ። ሦስት ሰው ተከተለው። ጆተኒ ላይ ማዞር ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ክርክር ተነሣ። 12 ይህ ሌላ ክር ይውጣለት፣ የልጁ ባትሪ እየፈሰሰ ነው ብሎ ዘጋው። ደግነቱ ሰሙት።

መልስ 13 እስከ 19

ጸቡ የተነሣው እዚህ ነው። 13 ፍራንክፈርት ውስጥ መኪና የሚቀባ ሰው ነው። የልጁን ዕቅድ ደገፈ። የተላጠ ሜዳ እንዳለ ቢቀር እንጨቱ እርጥበትና ቆሻሻ ይጠጣል፣ ኳሱ በዞረ ቁጥር ጠርዙ እየተላጠ ይሰፋል። ስለዚህ በቀስታ ፍቆ፣ የጎደለውን ቀለም ሞልቶ፣ ሁለት ክፍል ባለው የመኪና ቫርኒሽ መሸፈን ብቸኛው ዘላቂ መፍትሔ ነው አለ። የሠራውን ሜዳ ፎቶም አስቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

14 ቶሮንቶ ያለች የሥዕል ጥገና የተማረች ሴት ናት። እሷ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም አለች። ሜዳው በስክሪን የታተመ ሥዕል ነው፣ እያንዳንዱ ቀለም በየተራ ኮምፔንሳቶ ላይ ታትሟል። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ የፋሪስ መስመር አይመለስም። በእጅ የተሞላው ቀለም የሚሞላው ሰው ሥዕል ነው። ማቆም ያለብን መላጡን ነው፣ የተላጠውን መካድ አይደለም። እንጨቱ የታየበት ቦታ በቀጭኑ ተሸፍኖ፣ የሚነሣ ነገር ተደርጎበት፣ ወደፊት የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲመልሰው ይተው። የተላጠው ቦታ በ1977 ሰው የትኛውን ዒላማ ይወድ እንደነበር ይነግርሃል አለች።

15 በዚህ ተናደደ። አቧራ የሚያመልክ ሰው ማሽን አይግዛ፣ ሙዚየም ሄዶ ይቁም አለ። 14 ወዲያው መለሰችለት፣ እሷም አልማረችውም፤ እንደሱ ያሉ ሰዎች ስንቱን ጥሩ ማሽን አበላሽተው እንደሸጡት ጻፈች። 16 ሁለታችሁም ረጋ በሉ አለ። ማንም አልረጋም። 15 ቀጥሎ የመሸጫ ዋጋ አነሣ፣ ያብረቀረቀ ማሽን የበለጠ ያወጣል በሚል። እዚህ ላይ ጋሼ ተመለሱና ለመሸጥ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ኤይት ቦል እንደሆነ ሃያ ሺህ ነው የተሠራው፣ ብርቅ ብለህ የምታስወድደው አይደለም አሉት። ያን ያህል ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

17 ክርክሩን ወደ ሥራ መለሰው። የሚለጠፈው የታተመ ገጽ ችግሩ ሥዕሉ አይደለም ይላል። ሜዳው ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፉ ክብ ፕላስቲኮች አሉ። በዓመታት ውስጥ አንዳንዶቹ ሰምጠዋል፣ አንዳንዶቹ ጎብጠዋል። ላዩ ላይ ሲለጠፍ ቁጥሮቹ ከብርሃኑ ጋር አይገጥሙም፣ የሰመጠው ሥር አየር ይቀራል፣ ጠርዙ ኳስ ሲመታው ይነሣል። ኳሱም አቅጣጫውን ይስታል። ሲያጫውትህ የሚያናድድ ማሽን ይሆናል።

18 ለመኪና ቀቢው አንድ ነገር ጠየቀው፤ ልጁ ምን ዓይነት ማስክ እንዳለው ሳያጣሩ ይህንን መምከር ልክ ነው ወይ አለ። ያ ቫርኒሽ ሲነፋ የሚያወጣው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል። ተራ የአቧራ ማስክ አያግደውም። ሙያተኞች ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው የሚያደርጉት። 13 በቅንነት ተቀበለ። እሱ የሚሠራው በተዘጋጀ የቀለም ክፍል ውስጥ እንደሆነ፣ ቤት ጋራዥ ውስጥ ማንም እንዳይሞክረው አስጠነቀቀ። ይህ ሰው ትልቅ ሰው ነው፣ ባልስማማበትም አከብረዋለሁ።

19 የኔ መልስ ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ኤሌክትሪኩ ላይ ርኅራኄ አያስፈልግም። የደረቀ ካፓሲተር፣ የተሰነጠቀ ሶልደር፣ የተበላ ሶኬት፣ ሁሉም ይውጣ፣ አዲስ ይግባ፤ ማንም አይቶት አያውቅም፣ የሚፈለገው መሥራቱ ነው። ሥዕሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ከ14 ጋር ነኝ። ይሁንና 13 ያነሣው ነጥብ እውነት ስለሆነ መልስ ይፈልጋል፤ መላጡ ካልቆመ ለሥዕሉ ማዘን ብቻውን አያድነውም። መላጡን የሚያመጣው ደግሞ በአብዛኛው ኳሱና ቆሻሻው ናቸው። ኳሱ 27 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ግራም ገደማ ክብደት ያለው ብረት ነው። ዝጎ ወይም ተቧጭሮ ከሆነ በዞረ ቁጥር ሜዳውን ይሞርደዋል። ስለዚህ አሮጌው ኳስ ዛሬውኑ ይጣል፣ እንደ መስታወት የሚያበራ አዲስ ይገዛ፣ ዋጋው ቀላል ነው። ሜዳው በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ ነጩን ማጽጃ ስፖንጅ ከአልኮል ጋር የሚያዙ አሉ፣ እሱ ግን ከቆሻሻው ጋር ቀለምም ይወስዳልና በተላጠው ጠርዝ አካባቢ አይነካ። ከዚያ ካርናውባ የሚባል ሰም በስሱ ይቀባ። ደርቀው የተሰነጠቁት የጎማ ቀለበቶች በሙሉ ይቀየሩ። የተላጠው ቦታ ላይ የሚነሣ ቀጭን መከላከያ ፕላስቲክ ይደረግ። ከዚያ ይጫወትበት። ለወራት ይጫወትበት። ቀለሙ ያስጠላው እንደሆነ ያኔ ይወስን።

መልስ 20 እስከ 23

20 ከካሊፎርኒያ ነው። ከመወሰንህ በፊት ብዙ ማሽን ተጫውተህ እይ ይላል። አላሜዳ ያለውን የፓሲፊክ ፒንቦል ሙዚየም፣ ላስ ቬጋስ ያለውን ፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም ጠቀሰ። የተላጡም፣ የተቀቡም፣ ሁሉም የሚጫወቱ ማሽኖች ናቸው። 21 አውሮፓ ላለን ደግሞ ቡዳፔስት ውስጥ የፒንቦል ሙዚየም አለልን ብሎ ጨመረ።

22 ስለ ኤልኢዲው የጻፈውን ብዙ ሰው ሳያነበው አልፏል፣ ያሳዝናል። የዚያን ዘመን ባሊ የሚበሩ የሚጠፉ አምፖሎችን የሚቆጣጠረው ኤስሲአር በሚባሉ ክፍሎች ነው። እነዚህ በርተው ለመቆየት የተወሰነ ኤሌክትሪክ መሳብ አለባቸው። ኤልኢዲ የሚስበው በጣም ትንሽ ስለሆነ ይርገበገባል። ተጨማሪ ሬዚስተር ያለው ማገናኛ ካልተገዛ ሜዳው ሲጨፍር ያድራል። 23 ከዚህ ሌላ መንገድ አሳየ። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው 44 ቁጥር አምፖል 250 ሚሊአምፔር ይስባል፣ 47 ቁጥር በዚያው 6.3 ቮልት 150 ብቻ። ብርሃኑ ትንሽ ለዘብ ይላል፣ ሙቀቱ ግን በጣም ይቀንሳል። የጀርባ መስታወቱን ሥዕል የሚያረግፈው አንዱ ሙቀት ነውና በዚያ በኩልም ያግዛል። ቀለሙም የድሮው ቢጫ ሞቅ ያለ ቀለም ይሆናል። እኔ ብሆን 47 ነው የምገጥመው።

መልስ 24 እና ከዚያ በኋላ

ልጁ ተመለሰ። ባትሪዋን በዚያው ሌሊት ቆርጧታል። ቦርዱን አጥቦ፣ ሁለት ሶኬት ቀይሮ፣ አንድ የተበላ መስመር በሽቦ ቀጥሎ መለሰው። ትልቁን ካፓሲተርም ቀየረ። ሲያበራው ቀዩዋ መብራት 6 ጊዜ በርታ ቆመች። ሦስተኛዋ መላሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሰባተኛዋ ብልጭታ የምትመጣው ኮይሎቹን የሚያንቀሳቅሰው 43 ቮልት መኖሩን ቦርዱ ሲያይ ነው፤ ስለዚህ ቦርድህ ደህና ነው፣ ታች ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለውን ፊውዝ እይ አለችው። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። በትክክለኛው ቁጥር ቀየረው። ሰባተኛዋ መጣች።

5፣ ያ የተጠገነ ቦርድ አይበረክትም ያለው፣ ስድስት ወር ቆይተን እናያለን ብሎ ጻፈ። 4 ግን አጨበጨበላት። 15 ጠፍቷል።

ስለ ቀለሙ ልጁ ገና አልወሰነም። አዲስ ኳስና ጎማ አዝዟል፣ የሚለጠፈውን ገጽ ትቶታል። 13 ወደፊት ከፈለግህ ሜዳውን ላክልኝና በነጻ እሠራልሃለሁ ብሎታል፣ 14 ደግሞ ከመላክህ በፊት ፎቶ አንሥተህ አሳየኝ ብላዋለች። ፍሊፐሩ ግራው አሁንም ይልፈሰፈሳል። ጋሼ ኮንታክቷን ፎቶ አንሥቶ እንዲለጥፍ ጠይቀውታል።

የቀረው የጀርባ መስታወቱ ነው። 28 ላይ አንዲት ሴት ከኋላ በኩል ግልጽ ርጭት ተነፍቶበት ቀለሙ ይያዛል ትላለች፤ 29 ደግሞ የሞከረው ሰው ሥዕሉ ተጨማዶ እንደቀረበት ጽፏል። ሁለቱም ማዕዘን ላይ ትንሽ ቦታ ሳይሞከር እንዳይነፋ ይስማማሉ። እስከዚያው መስታወቱን ከማሽኑ አውጥቶ፣ ሥዕሉ ያለበትን ፊት ሳይነኩ፣ በእርጥብ ጨርቅም ሳይጠርጉ፣ በላስቲክም ሳይጠቀልሉ በቁሙ ደረቅ ቦታ ማስደገፍ ነው። ይህን የሠራ ሰው ካለ እታች ይጻፍለት።